ሕዋሳት እንዴት ይላላካሉ? በሰውነታችን ውስጥ ስላለው የመከላከያ ሠራዊትና ስለ ትእዛዝ አሰጣጡ



በግርሻ ትኩሳት የተያዘ ሰው ያስታመመ ሁሉ፣ አሁን የምንተርከውን ነገር በዐይኑ ሳያይ አይቀርም። ሕመምተኛው አምስት ስድስት ቀን ያህል በብርቱ ትኩሳት ሲነድ ሰንብቶ፣ ራሱንና ወገቡን እየቆረጠመው፣ ሰውነቱ ዝሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዙ ቀጫጭን ተሕዋስያን ሲተራመሱበት ይገኛሉ። ሐኪሙም ፔኒሲሊን ያዝዛል፤ መርፌው ይወጋል። ቤተ ሰቡም «እፎይ፤ መድኃኒቱን አገኘ» ብሎ ገና ዐረፍ ከማለቱ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢያልፍ ነው፣ ሕመምተኛው በድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ አልጋው ይናወጣል፤ ትኩሳቱ ከነበረበት አልፎ ወደ 41 ዲግሪ ይወጣል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ አንዳንዱም ይቃዣል። እንቅጥቅጡ ሲተወው ደግሞ ላቡ ይጎርፋል፤ የደሙም ግፊት ይወርዳል። ብዙዎቹ ይህን ሰዓት አልፈው ይድናሉ። ጥቂቶች ግን በዚሁ ሰዓት ይሞታሉ።

በዚህ ጊዜ ከአልጋው ዙሪያ የሚሰማው ቃል ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም። «መርፌው ገደለው» ይባላል። ወሬውም ከለቅሶ ቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ገበያ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሌላው የታመመ ሰው መርፌውን ፈርቶ ከቤቱ ይቀራል። ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ ሳይታከም ሲቀር ከተያዙት ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል ተብሎ ሲገመት፣ በጊዜው ከታከሙት መካከል የሚሞቱት ግን ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ መርፌው ገዳይ አይደለም፤ አዳኝ ነው።

ታዲያ ያን እንቅጥቅጥ ያመጣው ማን ነው? መድኃኒቱ ካልሆነ ተሕዋስያኑ ናቸው እንዳንል፣ እነርሱ በዚያ ሰዓት በመሞት ላይ ናቸው። መልሱ ከሁለቱም ውጭ ይገኛል። ሕመምተኛውን ያንቀጠቀጠው የገዛ ሰውነቱ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የተላላኩት መልእክት ነው። ይህ መልእክት ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚጽፈውና ማን እንደሚያነበው፣ ስለምንስ አንዳንድ ጊዜ ከልክ እንደሚያልፍ ለመግለጥ እንሞክራለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሰውነታችን በሽታን የሚከላከልለት ሠራዊት እንዳለው በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። ይኸውም የነጭ ደም ሕዋሳት ሠራዊት ነው። በአንዲት የደም ጠብታ ውስጥ እንኳ ብዙ መቶ ሺህ ነጭ ሕዋሳት ይገኛሉ። ነገር ግን በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የማይነገረን አንድ ነገር አለ። እነዚህ ወታደሮች ዐይን የላቸውም፤ ጆሮ የላቸውም፤ ከራስ ቅል ውስጥ ተቀምጦ የሚያዛቸው አንድ የጦር አዛዥም የላቸውም። በእግር ጣት ላይ እሾህ ቢወጋን፣ በብሽሽት ያለው ሕዋስ ይህን የሚያውቀው በምንድን ነው? በጽሕፈት ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። አንዱ ሕዋስ እጅግ ጥቃቅን የሆነ የፕሮቲን ቅንጣት ሠርቶ ወደ ውጭ ይለቃል። ቅንጣቱም በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ወይም በደም እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ሌላው ሕዋስ በላዩ ላይ ለዚያ ቅንጣት ልክ የሆነ «ተቀባይ» ካለው፣ ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚገባ ገብቶ ይገጥማል፤ ተቀባይ የሌለው ሕዋስ ግን ደብዳቤው በደጁ ቢያልፍም አያነበውም። ቅንጣቱ ከተቀባዩ ጋር በገጠመ ጊዜ፣ በሕዋሱ ውስጥ አንዱ ንጥረ ነገር ሌላውን እየቀሰቀሰ ትእዛዙ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ አስኳሉ ይደርሳል። በአስኳሉም ውስጥ፣ በመዝገብ ቤት እንደ ተቀመጠ ፋይል፣ ተዘግተው የኖሩ የዘር መመሪያዎች ይከፈታሉ። ሕዋሱም በዚያ መመሪያ መሠረት አዲስ ሥራ ይጀምራል፤ ወይም ይከፈላል፤ ወይም ከቦታው ተነሥቶ ይዘምታል፤ ወይም እርሱ ራሱ ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል።

እነዚህን የመልእክት ቅንጣቶች ሊቃውንቱ ሳይቶካይን ይሏቸዋል፤ ሕዋስ አንቀሳቃሽ ማለት ነው። መጠናቸው እጅግ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ክብደታቸው የሚለካው አንድ ግራም ለሺህ ቢሊዮን ተከፍሎ በሚገኘው እጅ ነው። ስለዚህም ለብዙ ዘመን የተሰወሩ ሆነው ኖሩ። በ1957 በለንደን አሊክ አይዛክስ የተባሉ ብሪታንያዊና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ስዊሳዊ፣ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተነካ ሕዋስ አንድ ፈሳሽ ነገር እንደሚለቅና ያም ነገር ያልታመሙትን ሕዋሳት ከቫይረስ እንደሚጠብቅ አስተዋሉ። ስሙንም ኢንተርፌሮን አሉት። የታመመው ሕዋስ ራሱን ለማዳን ባይችልም፣ ከመሞቱ በፊት ለጎረቤቶቹ «ተዘጋጁ» ብሎ መላኩ እንደ ሆነ ተረዱ። ከዚያ ወዲህ የታወቁት መልእክቶች ብዙ ደርዘን ሆነዋል።

አሁን ወደ ሕመምተኛችን እንመለስ።

ግርሻ ትኩሳትን የሚያመጣው ተሕዋስ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ይባላል። ውጫዊ ሽፋኑ ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ደግሞ ማክሮፌጅ፣ ማለት «ታላቅ በላተኛ» የተባሉ ነጭ ሕዋሳት አሉ፤ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በሳንባና በሌላውም ቦታ እንደ ዘበኛ ተሰማርተው፣ ያገኙትን ባዕድ ነገር ይውጣሉ። እነዚህ ሕዋሳት የቦሬሊያን ሽፋን የሚያውቅ ተቀባይ አላቸው። ሽፋኑ ከዚያ ተቀባይ ጋር በተነካካ ጊዜ፣ ማክሮፌጁ ወዲያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎችን ይጽፋል። ከእነዚህም ዋነኛው በእንግሊዝኛው ስም አሕጽሮት ቲ.ኤን.ኤፍ. ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1975 በኒው ዮርክ ሲታወቅ በእንስሳት ላይ ዕጢ ሲያጠፋ ስለ ታየ ነው፤ ዛሬ ግን ከዕጢው ይልቅ በሌላ ሥራው ይታወቃል። ከእርሱም ጋር ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 የተባሉት አብረው ይወጣሉ።

ቲ.ኤን.ኤፍ. ለደም ሥሮች የሚሰጠው ትእዛዝ «ስፉ፤ ግድግዳችሁንም ክፈቱ፤ የሚያልፉትን ነጭ ሕዋሳት ያዙና ወደ ሥጋው አስገቡ» የሚል ነው። እሾህ የወጋው ጣት የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚሞቀው በዚሁ ትእዛዝ ነው። ይህም በጎ ነገር ነው፤ ወታደሮቹ ወደ ጠላቱ ካልደረሱ ጣቱ ይበሰብሳል። በሌላ በኩል ቲ.ኤን.ኤፍ.ና ኢንተርሉኪኖቹ በደም አማካይነት ወደ አንጎል ይደርሳሉ። በዚያም ሃይፖታላመስ በሚባለው፣ የሰውነትን ሙቀት በሚቆጣጠረው ስፍራ፣ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ሌላ ኬሚካል እንዲሠራ ያደርጋሉ። ፕሮስታግላንዲኑም የሙቀቱን ልክ ከ37 ዲግሪ ወደ 40 ወይም ወደ 41 ከፍ ያደርገዋል። ልኩ ከፍ በማለቱ፣ 38 ዲግሪ የሆነው ሰው እንኳ አንጎሉ «በርዶሃል» ይለዋል፤ ጡንቻዎቹም ሙቀት ለመፍጠር ይንቀጠቀጣሉ። በትኩሳት የሚነድ ሰው ብርድ ልብስ ደርቡልኝ የሚለው ስለዚህ ነው። አስፕሪን ትኩሳትን የሚያበርደውም ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በመከልከሉ መሆኑን በ1971 ጆን ቬን የተባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ አስረድተዋል።

እንግዲህ ፔኒሲሊኑ በተሰጠ ጊዜ የሚሆነውን አስቡት። በደሙ ውስጥ የነበሩት እጅግ ብዙ ተሕዋስያን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠፋሉ፤ ማክሮፌጆችና ሌሎች በላተኞች በአንድ ጊዜ ይውጧቸዋል፤ ሽፋናቸውም በየቦታው ይነበባል። ለአንዲት ጣት የሚበቃ ደብዳቤ ሊጻፍ ይገባ የነበረው፣ ለመላው ሰውነት በአንድ ሰዓት ይበተናል። የደም ሥር ሁሉ በአንድነት ይሰፋል፤ ፈሳሹ ወደ ውጭ ይሠርጋል፤ ልብ የሚገፋው ደም ያንሰዋል። ጣትን ያዳነው ትእዛዝ ለሰውነቱ ሁሉ ሲሰጥ ግፊትን አውርዶ ይገድላል።

ይህ ድንገተኛ ምላሽ መኖሩ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1895 በኦስትሪያ አዶልፍ ያሪሽ፣ በ1902 ደግሞ በጀርመን አገር ካርል ሄርክስሃይመር የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች፣ የቂጥኝ ሕመምተኞች በሜርኩሪ መታከም ሲጀምሩ ሕመሙ መጀመሪያ ብሶ በኋላ እንደሚሻል ጽፈዋል። ስለዚህ በሁለቱ ስም የያሪሽና የሄርክስሃይመር ምላሽ ተባለ። (እኒህ ሄርክስሃይመር አይሁዳዊ ስለ ነበሩ፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው በናዚዎች ወደ ቴሬዝየንሽታት ተግዘው በ1942 በዚያው ሞቱ፤ ስማቸው ሲጠራ ይህንንም ማወቅ ይገባል።) የምላሹ ምክንያት ግን ለረጅም ጊዜ «ከሞቱት ጀርሞች የሚወጣ መርዝ ነው» ተብሎ ብቻ ይታለፍ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። የቦሬሊያ ሽፋን በራሱ እንደ እባብ መርዝ ሥጋ የሚያቃጥል አይደለም፤ እሳት የሚሆነው ሰውነት ሲያነበው ነው።

ይህን ለማስረዳት የተደረገው ታላቅ ሥራ የተከናወነው በሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ በአዲስ አበባ መሆኑን ስንናገር ደስ ይለናል። በ1992 በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ግርሻ ትኩሳት ከያዛቸው ሕመምተኞች በፔኒሲሊኑ በፊትና በኋላ ደም እየተቀዳ ሲለካ፣ እንቅጥቅጡ በሚመጣበት ሰዓት ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 ከነበሩበት ብዙ እጥፍ ከፍ እንደሚሉ ተገኘ። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው መጡ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ደመናና ነጎድጓድ አብረው ይመጣሉ፤ ነጎድጓዱ ግን ደመናውን አልፈጠረውም። ስለዚህ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው፣ ከእንግሊዝ ከመጡ ሐኪሞች ጋር ሆነው፣ ነገሩን በሌላ መንገድ ፈተኑት። ለአንዳንዶቹ ሕመምተኞች ከፔኒሲሊኑ አስቀድመው፣ ከበግ ደም የተዘጋጀና ቲ.ኤን.ኤፍ.ን በመንገድ ላይ የሚይዝ ጸረ እንግዳ አካል ሰጡ። ለሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ተሰጠ። የትኛው ለማን እንደ ተሰጠ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያውቁም ነበር።

ውጤቱ በ1996 ታተመ። ሕመምተኞቹ በጠቅላላው 49 ነበሩ። ማስመሰያውን ከወሰዱት 29 ሰዎች መካከል እንቅጥቅጡ 26ቱን ያዛቸው። ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚይዘውን ከወሰዱት 20 ሰዎች መካከል ግን የያዘው 10ሩን ብቻ ነበር። ፔኒሲሊኑ ያው ነው፤ በሽታው ያው ነው፤ የተለወጠው አንድ ደብዳቤ በመንገድ መያዙ ብቻ ነው። እንግዲህ «መርፌው ገደለው» የሚለው ክስ ከዚህ የተሻለ መልስ አያስፈልገውም። እኩሌቶቹ እንደ ቀድሞው መንቀጥቀጣቸውም ጸሐፊው አንድ ብቻ ወይም ደብዳቤው አንድ ብቻ አለመሆኑን ያመለክታል፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው ያልፋልና።

አንባቢ እዚህ ላይ «ይህን ያህል አደጋ ያለበት መልእክት ከነጭራሹ ቢጠፋስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን የሳንባ ነቀርሳ ይነግረናል። ከሳንባ ነቀርሳ ጀርም ጋር የሚኖር ሰው ሁሉ አይታመምም። በብዙዎቹ ሰዎች ማክሮፌጆችና ሌሎች ሕዋሳት ጀርሙን ከብበው፣ እንደ እስር ቤት አጥር ቀጥረው ያስቀምጡታል። አጥሩን ጠብቆ የሚያቆመው ከሌሎች መልእክቶች ጋር ይኸው ቲ.ኤን.ኤፍ. ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ መገጣጠሚያ የሚያጎብጥ ቁርጥማትና አንዳንድ የአንጀት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ኢንፍሊክሲማብ የተባለ፣ ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚይዝ መድኃኒት ይሰጥ ጀመር። ቁርጥማቱ ታገሰላቸው፤ ብዙዎች ተነሥተው ሄዱ። በ2001 ግን ይህን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል 70 ሰዎች በነቀርሳ መታመማቸው ታተመ። አጥሩ ሲፈርስ እስረኛው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ይህን የመሰለውን መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት የተኛ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዘበኞቹ ነው። ከዘበኞቹ በስተኋላ ቲ ሕዋሳት የሚባሉ ሌሎች ወታደሮች አሉ። ስማቸውን ያገኙት ከደረት አጥንት በስተኋላ ካለው፣ ታይመስ ከተባለው ዕጢ ነው፤ የሚሠለጥኑት በዚያ ነው። ማክሮፌጅ ባዕድ የመሰለውን ሁሉ ሲውጥ፣ እያንዳንዱ ቲ ሕዋስ ግን የሚያውቀው አንድ ጠላት ብቻ ነው። ኃይሉም እጅግ ታላቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነሣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተከፈለ በሳምንት ውስጥ ብዙ ሺህ ይሆናል። እንዲህ ያለው ኃይል በስሕተት በገዛ ሥጋችን ላይ ቢነሣ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሰውነት፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን በደንብ የምታውቁትን አንድ ሥርዓት ያዘ። ገንዘብ ወጪ የሚሆንበት ሰነድ በአንድ ፊርማ አይከፈልም፤ ሁለት ፊርማ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ፊርማ የጠላቱ መልክ ነው። ዴንድሪቲክ የተባሉ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንዠረገጉ ሕዋሳት፣ ከቁስሉ ቦታ የጠላቱን ቁራጭ ተሸክመው ወደ ንፍፊቶቹ፣ ማለት በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ወዳሉት ዕጢዎች ይሄዳሉ፤ በዚያም ለሚያልፉት ቲ ሕዋሳት ሁሉ ያሳያሉ። ቁራጩን የሚያውቀው ቲ ሕዋስ ይቆማል። ነገር ግን ይህ ብቻ አያስነሣውም። የገዛ ሰውነት ቁራጭም እንዲሁ ሊታይ ይችላልና። ስለዚህ ሁለተኛ ፊርማ ይጠብቃል። ዴንድሪቲኩ ሕዋስ በቁስሉ ቦታ ሳለ የአደጋ ደብዳቤ አንብቦ እንደ ሆነ ብቻ፣ በላዩ ላይ ሌላ ምልክት ያወጣል፤ ቲ ሕዋሱም በሲ.ዲ. 28 ተቀባዩ ይህን ያነበዋል። ሁለቱ ፊርማዎች ከተገናኙ ቲ ሕዋሱ ኢንተርሉኪን 2 የተባለ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም በአብዛኛው ለራሱ ነው። ሰው ለራሱ ማስታወሻ ጽፎ፣ ራሱ ተቀብሎ፣ በራሱ ትእዛዝ ሥራ እንደሚጀምር ማለት ነው። ንፍፊት የሚያብጠውም ይህ የመባዛት ሥራ በውስጡ ስለሚካሄድ ነው። የመጀመሪያው ፊርማ ብቻ መጥቶ ሁለተኛው የቀረ እንደ ሆነ ግን፣ ቲ ሕዋሱ ዝም ማለት ብቻ ሳይሆን ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ቁራጭ ቢያይ እንኳ በቀላሉ አይነሣም።

የዴንድሪቲክ ሕዋሳትን ሥራ በ1973 ገልጠው የጻፉት ራልፍ ስታይንማን ከዛንቪል ኮን ጋር ነበር። ስታይንማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ሽልማቱ ሲነገር ግን ከሞቱ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ሸላሚዎቹ መሞታቸውን አልሰሙም። ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥም የሚል ደንብ ቢኖርም፣ በሕይወት አሉ ተብሎ ስለ ተወሰነ ጸንቶ ቀረ። ለደንብ ነገር የሚጨነቅ ሰው ደስ የሚለው ውሳኔ ነው።

የሁለቱ ፊርማ ሥርዓት ቢጣስ ምን እንደሚሆን በለንደን ከተማ ማርች 13 ቀን 2006 በግልጥ ታየ። ቲ.ጂ.ኤን. 1412 የተባለ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊፈተን፣ ፈቃደኛ ለሆኑ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ተሰጠ። መድኃኒቱ በቀጥታ ሲ.ዲ. 28ን የሚጫን ነበር። የመጀመሪያውን ፊርማ ሳይጠብቅ ሁለተኛውን ፊርማ አስመስሎ ፈርሞ ሕዋሱን የሚያስነሣ ማለት ነው። የተሰጠው መጠን በእንስሳት ላይ ጉዳት ካላደረሰው መጠን አምስት መቶ ጊዜ ያነሰ ነበር። ሆኖም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ጀመራቸው፤ ትኩሳት ተከተለ፤ ግፊታቸው ወረደ፤ ከዚያም ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። በመላው ሰውነታቸው ያሉ ቲ ሕዋሳት፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ጠላት ሳያይ፣ በአንድ ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ጀምረው ነበር። ስድስቱም በብርቱ ሕክምና ተረፉ፤ ጉዳቱ ግን በአንዳንዶቹ ላይ ቀረ። በእንስሳቱ ላይ ያልታየበት ምክንያት ኋላ ተገኘ፤ መድኃኒቱ የተፈተነባቸው ጦጣዎች፣ በሰው ዘንድ ያን ማዕበል ያስነሡት ዐይነት ቲ ሕዋሳት ሲ.ዲ. 28 የላቸውም ነበር። ከአዲስ አበባው ሕመምተኛ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ በሉ፤ አንዱ ዘንድ ጀርም አለ፤ ሌላው ዘንድ ጀርም የሚባል የለም፤ እንቅጥቅጡና የግፊቱ መውረድ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱንም ያመጣው መልእክት ነውና።

ትእዛዝ የሚያስጀምር እንዳለ ሁሉ የሚያስቆምም አለ። ቲ ሕዋሱ ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ ሲ.ቲ.ኤል.ኤ. 4 የተባለ ሌላ ተቀባይ ያወጣል፤ ይህም ሲ.ዲ. 28 የሚያነበውን ምልክት ቀድሞ እየያዘ ሥራውን ያረግባል። ፒ.ዲ. 1 የተባለ ሌላ ማስቆሚያም አለ። ካንሰር እነዚህን ማስቆሚያዎች ተጠግቶ እንደሚኖር ስለ ተገነዘቡ፣ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ ማስቆሚያውን በማንሣት ቲ ሕዋሳት ካንሰርን እንዲወጉ የሚያደርግ መንገድ ከፈቱ፤ በ2018ም ሽልማቱን ተካፈሉ። ከዚህም ሌላ ሥራቸው ሌሎችን ማረጋጋት ብቻ የሆነ ቲ ሕዋሳት አሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 መኖራቸውን አስረዱ፤ በ2025 ከሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ። እነዚህ አረጋጊዎች ለሌሎች የተጻፈውን ኢንተርሉኪን 2 በብዛት እየወሰዱ በማስቀረት ጭምር ጠቡን ያበርዳሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አስቀርቶ ጠብ የሚያበርድ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ሳይኖር አይቀርም።

በመጨረሻም በሽታው ግርሻ የተባለው ለምን እንደ ሆነ ሳንገልጥ እንዳንቀር። ሕመምተኛው ሳይታከም ቢቀርና ባይሞት፣ የሕዋሳቱ መላላክ ጸረ እንግዳ አካል እንዲሠራ ያደርጋል፤ ተሕዋስያኑ ተይዘው ይጠፋሉ፤ ትኩሳቱም ይተወዋል። ነገር ግን ከቦሬሊያዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ሽፋናቸውን ለውጠው ይቀራሉ። የተሠራው ጸረ እንግዳ አካል የቀድሞውን ሽፋን ብቻ ስለሚያውቅ፣ አዲሱ ለባሽ ሳይታወቅ ይባዛል፤ ከሳምንት ወዲህም ትኩሳቱ ያገረሻል። ሠራዊቱም አዲሱን መልክ እስኪያውቅ ድረስ መላላኩ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያደርሰው የልብስ ቅማል ነው። ቅማሉ በመንከሱ ሳይሆን፣ ሰው ሲያክክ ወይም በጥፍሩ ሲጨፈልቀው፣ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በተላጠ ቆዳ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ ማጠብ በሚቸግርበት ቦታ ሁሉ ይገኛል። በ2015 ከአፍሪቃ ቀንድ ተነሥተው ወደ አውሮፓ በገቡ ስደተኞች ላይ በሆላንድ፣ በጀርመንና በኢጣሊያ ሲገኝ፣ በሽታውን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት የዚያ አገር ሐኪሞች ከመርፌው በኋላ የሚመጣውን እንቅጥቅጥም አብረው አዩ።

ስለዚህ ሕመምተኛ ያላችሁ አንባብያን ሆይ፤ መርፌው ከተወጋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት አይውጣ። እንቅጥቅጡ ቢመጣ ነርሷን ጥሩ፤ መድኃኒቱ እንዲቋረጥ ግን አትጠይቁ። ላቡ ሲጎርፍና «አሁን ተሻለኝ» ሲልም ከአልጋው አይነሣ፤ ለሽንት ቢሆን እንኳ ዕቃው ወደ እርሱ ይምጣለት። ግፊቱ ገና ስላልተመለሰ ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ወድቆ ሊሞት ይችላልና፣ ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በጀርባው ተኝቶ ይቆይ።